ጓድ ሐኪምና ግራ እጄ

በሰባት ዓመቴ ግራ እጄ ልትቆረጥ ነው ብዬ አምን ነበር። ፈራጁ አጎቴ ነው፤ ቆራጩ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ጺሙ የቀላ ሐኪም። ዛሬ ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ልብስ ስለብስ እንኳ ግራዬን ከእጅጌው የማወጣት ዙሪያዬን አይቼ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ሳልወለድ ስለሞተ እኛው ጋ ይኖር ነበር። የሰፈራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ይባስ ብሎ ደግሞ የእኔው ክፍል አስተማሪ። ቤት ውስጥ "አጎቴ"፣ ክፍል ውስጥ "መምህር" ነበር የምለው። ድንበሩ የትምህርት ቤቱ በር ነው፤ እዚያ ስንደርስ እጄን ይለቅና ፊቱን ያኮሳትራል። እኔ ግራኝ ነኝ። በግራዬ እጽፋለሁ፣ በግራዬ እበላለሁ፣ ድንጋይ የምወረውረውም በግራዬ ነው። ፊደሎቼ በሙሉ ወደ ኋላ ያዘምማሉ። አጎቴ ደብተሬን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ያሳያል።

"እስቲ እዩልኝ፤ ምን አስደንግጧቸው ነው ወደ ኋላ የሚወድቁት?"

ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለብቻዬ፣ "ይቺን እጅሽን ቆርጦ መጣል ነበር" ይለኛል።

ይህን ሰው ሁሉ ይለዋል። ምላስህ ይቆረጥ፣ እግርሽ ይሰበር ሲባባሉ እሰማለሁ፤ የማንም ምላስ ሲቆረጥ ግን አላየሁም። ስለዚህ ነገሬም አላልኩት። ነገር የመጣው ቆራጩ ቤታችን ሲገባ ነው።

ጦርነቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። ለእኔ መጀመሪያ ላይ ጦርነት ማለት እረፍት ማለት ነው፤ ትምህርት ቤታችን ሆስፒታል ሆነና የማባዛት ሰንጠረዡ ከጥቁር ሰሌዳው ሳይጠፋ አልጋ ተደረደረበት። አጎቴ የሆስፒታሉ ጸሐፊ ሆነ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንሶላ እየቀደደች ፋሻ፣ መጋረጃ እየቀደደች የሐኪም ጋዋን ትሠራለች። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ አዲሱ ሐኪም እኛ ዘንድ እንዲያርፍ ተደረገ።

በአገሩ ትልቅ ሆስፒታል፣ ትልቅ ቤትና ትልቅ መኪና የነበረው ሰው ነው አሉ። ሁሉን ጥሎ የመጣው ስለሚያምንበት ነገር ነበር። የሚያምንበትን ነገር በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ያስረዳን ነበር፤ በእኛ ቋንቋ፣ ማለቴ እሱ ሰባብሮት ከቋንቋችን በተረፈው። ሰው ሁሉ እኩል ነው። ሰው ሁሉ ጓድ ነው። እናቴ "ጓድ ስፌት"፣ አጎቴ "ጓድ መምህር"፣ እኔ "ትንሿ ጓድ" ነበርን፤ ድመታችን ሳትቀር ጓድ ሆና ወተት ላይ የነበራት ጠባይ ተበላሸ። እናቴ አልጋ ስታነጥፍለት መሬት ላይ ቃሬዛ ዘርግቶ ተኛ፤ አልጋውን ለቁስለኛ ላከው። የእኔን ፍራሽ ያየበት ዓይን ስላላማረኝ ለተወሰነ ጊዜ ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት።

አንቱታ የሚባል ነገር አይገባውም ብለን ነበር። ኋላ ስንሰማ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የተወው በመርህ ነው። ለከተማው አስተዳዳሪ በሰው ፊት፣ "አንተ፣ አልጋ አምጣ" አለው። የአስተዳዳሪው አንገት አበጠ፤ አልጋው ግን መጣ።

አጎቴ በዚህ ነገር ይንጨረጨር ነበር። "ለመሆኑ ከፍ ዝቅ የሌለበት አገር የት ነው ያለው?" ብሎ አንድ ጠዋት ጠየቀው።

"እስካሁን የለም" አለ ሐኪሙ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ። "ለሱ ነው የመጣሁት።"

ሰፈርተኛው ስለ ሐኪሙ ሲያወራ ግን ስለ መርሁ አልነበረም። "ዛሬ ደግሞ አንድ እግር ቆረጠ" ይላሉ። "አቤት እጁ ሲፈጥን፤ ሳይታወቃቸው እኮ ነው።" እኔ ይህን እየሰማሁ፣ አንድ ጠዋት አጎቴ በሌለበት ብርቱካን በግራዬ ስልጥ፣ ቀና ስል ሐኪሙ ስኒውን አስቀምጦ እጄን ያያል። ዝም ብሎ አይደለም የሚያየው፤ ሥጋ ቤት ያለ ሰው በግ ሲነዳለት እንደሚያየው ነው።

"ጥሩ እጅ ናት" አለ።

ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ።

ዛሬ ምን እያየ እንደነበር አውቃለሁ። ጓንት ካለቀ ቆይቶ ነበር፤ በባዶ እጁ ሲሠራ የአንድ ወታደር የአጥንት ስንጣሪ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ወግቶት፣ ቁስሉ ከእነ መሃል ጣቱ አመርቅዞ ነበር። መቆረጥ ያለባቸው የራሱ ጣቶች ናቸው። ሰውየው ስኒውን ያስቀመጠው በቀኙ መያዝ ስላቃተው ነው። ፊት ለፊቱ በግራ እጇ ብርቱካን የምትልጥ ልጅ አየ፣ በቃ። እኔ ግን ዓለም በሙሉ ስለ እኔ እጅ የሚመክር ይመስለኝ ነበር፤ ይህ አመል እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

የእናቴ የስፌት ጠረጴዛ ሥር የእኔ ግዛት ነበር። ቁርጥራጭ ጨርቅ እዚያ ይወድቃል፣ እኔም እዚያ እውላለሁ። እዚያ ሆኜ ነው ምክሩን የሰማሁት። የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነው፦ የእናቴ ነጠላ ጫማ፣ የሐኪሙ ቡት፣ የድሬሰሩ ትልልቅ ሸራ ጫማ። ድሬሰሩ ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ድምፁ ግን የማይሰማ ሰው ነበር።

"ሌላ መንገድ የለውም?" አለች እናቴ።

"ከዘገየ ክንድ ይሄዳል" አለ ሐኪሙ። "ከክንድ በኋላ ሁሉም ይሄዳል። እሑድ ጠዋት ይቆረጥ።"

"ወንድሜስ?"

"ጓድ መምህር አይወቅ። ካወቀ ለላከኝ ኮሚቴ ይጽፋል፤ ደንብ ነው። ኮሚቴው ወደ አገሬ ይጠራኛል። እዚያ እኔ ጡረተኛ ነኝ። እዚህ ሐኪም ነኝ፣ ሌላ ሐኪም ደግሞ የለም።"

"እሺ፣ ከዚያ በኋላስ በምን ሊሠሩ ነው?"

"ሰው ሁለት እጅ አለው። አንዱ ቢሄድ ሌላው ይማራል። ልጅሽን አይተሻታል አይደል?"

"ለእሷማ ትንፍሽ እንዳይሉ" አለች እናቴ። "አፏ አያርፍም።"

አንድ ልጅ ከዚህ ሁሉ ምን ይሰማል? እኔ የሰማሁት "ይቆረጥ"፣ "እሑድ ጠዋት"፣ "ልጅሽን" እና "ለእሷማ ትንፍሽ እንዳይሉ" ነው። የገዛ እናቴ አለችበት። ከአጎቴ ምንም ጥሩ ነገር አልጠብቅም ነበር፤ የእሷ ግን አንጀቴን አቃጠለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እጄን የማዳን ዘመቻ ከፈትኩ። መጀመሪያ ካልሲ አጠለቅኩላት። ቀጥሎ በቀኜ መጻፍ ጀመርኩ፤ ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሚያስተምረኝ አጎቴ የተጨማደደ ፊደሌን እያየ ፊቱ በደስታ በራ፤ ምክሬ ሠራ ብሎ። በመጨረሻ ድርድር ሞከርኩ። ሐኪሙ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጠጋ አልኩት።

"የጎረቤታችን ልጅ ሁለት እጅ አለው" አልኩት።

"ጥሩ" አለ።

"በሁለቱም ምንም አይሠራባቸውም።"

ሐኪሙ ትንሽ አሰበ። "ሰነፍ ነው?"

"በጣም። ቢወሰድበት አይታወቀውም።"

ይህን እንዴት እንደተረዳው እንጃ፤ ስለ ሥራ ክቡርነት ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ከዚያ ካልሲዬን አየ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ብርድ ነው።"

"በዚህ ፀሐይ?" ሳቀና እጄን ከእነ ካልሲዋ ቀስ አድርጎ በግራ እጁ ያዛት። "ጠብቂያት፣ ትንሿ ጓድ። እጅ ትልቅ ነገር ነው።"

ዕቃው ሳይበላሽ እንዲደርሰው የፈለገ መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት እናቴ አጎቴን ለአንድ ጉዳይ ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ላከችው፤ እኔን ደግሞ "ጎረቤት ሄደሽ ተጫወቺ፣ እስክጠራሽ እንዳትመጪ" አለችኝ። እስክትጠራኝ የምጠብቅ ሞኝ አልነበርኩም። በጓሮ ዞሬ ገባሁና ማንም የማያገኘኝ ቦታ ተደበቅኩ፤ የስፌት ጠረጴዛው ሥር። ወዲያው ማሽኑን ከላዬ አነሱት፣ ጠረጴዛውን የተቀቀለ ነጭ አንሶላ አለበሱት። ለመደበቂያ የመረጥኩት የቀዶ ሕክምናውን ጠረጴዛ ኖሯል። በኋላ ሕይወቴም ያደረግኳቸው ምርጫዎች ከዚህ ብዙም አይሻሉም።

አንሶላው እስከ መሬት ወርዶ ጋርዶኛል። የአልኮል ሽታ ይሸተኛል፤ የላምባ ምድጃው ሲንሿሿ፣ ብረት ከብረት ሲነካካ ይሰማኛል። ኋላ እንደሰማሁት፣ ማደንዘዣውን ሐኪሙ ራሱ በግራ እጁ ወጋ። ከዚያ ለድሬሰሩ ይነግረው ጀመር፤ ድምፁ የቁርሱ ድምፅ ነው።

"እዚህ ጋ። ጠበቅ አድርገህ። አትዘንልኝ፣ ቁረጥ።"

ብረቱ ሥራውን ሲሠራ ከላዬ ይሰማኛል። ኋላ ሐኪሙ፣ "አሁን አንቺ፣ ጓድ ስፌት" ሲል ሰማሁ። እናቴ፣ "እኔ ሰው ሰፍቼ አላውቅም" አለች። "ቀጭን ጨርቅ ነው በይው" አላት።

የክር ጥቅል ከላይ ወደቀና እየተንከባለለ እግሬ ሥር መጣ። የእናቴ እጅ በአንሶላው ሥር ገባ፣ ፊቷም ተከተለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ክሩን ብቻ አነሳች። ያኔ አላስቻለኝም፤ ብድግ ስል ጭንቅላቴን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጭቼ ወጣሁ።

የሐኪሙ ቀኝ እጅ ነጭ ፎጣ ላይ ተዘርግቷል። ሁለቱ ጣቶች የሉም። ፊቱ አመድ መስሎ ላቡ በጺሙ ይወርዳል።

"የኔስ?" አልኩ።

"ያንቺ ምን?" አለ።

"የኔ እጅ መቼ ነው የምትቆረጠው?" ካልሲዬን አውልቄ ግራዬን ዘረጋሁለት። ለምን እንደዘረጋሁት እስካሁን አላውቅም፤ ጀግንነት አልነበረም፣ ጥበቃው ስለሰለቸኝ ይመስለኛል።

እናቴ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ሐኪሙ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ትከሻው እስኪነቀነቅ ሳቀ። ድሬሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰማ፤ "አይንቀሳቀሱ እንጂ ዶክተር።"

"ያንቺ አትቆረጥም" አለኝ ሐኪሙ ሳቁን ውጦ። "የኔ ተቆርጧል፤ ይበቃል።"

እንግዲህ ይህን ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ መናገር አልነበረበትም። ጣቶቹን በእኔ ፈንታ ሰጠ ብዬ አመንኩ። ለብዙ ዓመታትም ስለዚህ ውለታ በኩራት ተናግሬያለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ "ስለ እኔ ጣቶቹን የሰጠ ሰው" ብዬ ድርሰት ብጽፍ አስተማሪዬ ኅዳጉ ላይ "ግነት ቀንሺ" ብሎ ጻፈበት። እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ተናድጄባት እንደነበር አልደብቅም።

የተፋሸ እጅ ከአጎቴ አይደበቅም። እናቴ በር ቆረጠው ብትለው፣ "ይሄን በር አሳዪኝ" አላት። ብዙም ሳይቆይ ሁሉን አወጣችለት። አጎቴ ሐኪሙ ፊት ቆመ።

"ለላኩዎት ሰዎች መጻፍ አለብኝ" አለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን እዚያ የተኙት ወታደሮች ትናንት ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። መለማመጃ አይደሉም።"

"ልክ ነህ" አለ ሐኪሙ። "ደብዳቤህ የሚሄደው በሚቀጥለው መኪና ነው። እስከዚያ ልማር። መኪናው ሲመጣ ፈትነኝ፤ ከወደቅኩ ጻፍ።"

"ማን ያስተምርዎታል?"

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ለአስተዳዳሪው እንኳ ያልሰጠውን ነገር ያን ዕለት ለእኔ ሰጠኝ።

"መምህር፣ ያስተምሩኛል?" አለኝ።

በዚያ ከተማ ሐኪሙ አንቱ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ካልሲ ለብሳ የነበረችውን እጄን ኪሴ ከትቼ፣ አጎቴን እያየሁ፣ "እናያለን" አልኩ።

ክፉ አስተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ድሬሰሩ ቁስለኛ ሲያሽግ እኛ የስፌት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አዝራር መቆለፍ፣ ዳቦ መቁረጥ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት፣ የጫማ ክር ማሰር። መርፌው ሲያዳልጠው፣ "ምን አስደንግጦት ነው ወደ ኋላ የሚወድቀው?" እለዋለሁ፤ "አላውቅም መምህር" ይለኛል። የጫማ ክር የማስረው በራሴ መንገድ ነበር፤ ማንም ስላላሳየኝ ቀለበቱን በአውራ ጣቴ ሥር ገልብጬ ነው የማሳልፈው። ሐኪሙ ይህችን እንደገና ያሳዩኝ፣ እንደገና ያሳዩኝ እያለ አሰለቸኝ። ደነዝ ነው ብዬ አዝኜለት ነበር። ያች ቋጠሮ በአንድ እጅ የምትታሰር፣ ቀኝ እጁን ምንም የማትጠይቅ መሆኗ ያኔ አልገባኝም።

ከጨርቅ ወደ ብርቱካን ልጣጭ፣ ከልጣጭ እናቴ ከሥጋ ቤት ወደምታመጣው የበግ አንጀት ተሸጋገርን። እኔ ለአንጀቱ አልቆየሁም። ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ መጨረሻ ላይ ሐኪም የሆንኩ ይመስለዋል። አልሆንኩም፤ ደም ሳይ እወድቃለሁ። የምሠራው ውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ የተቀበረ ቧንቧ በየት እንዳለፈ እስላለሁ።

መኪናው መጣ። አጎቴ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፈተና ሊፈትን እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ገባ። ሐኪሙ የተሰነጠቀ የበግ ቆዳ አስቀምጦ መስፋት ጀመረ፤ በቀኙ የቀሩት ጣቶች ቆዳውን ደገፍ ያደርጋሉ፣ ግራው ይሠራል። እኔ ትንፋሼን ውጬ አውራ ጣቱን አያለሁ። አሰረ፣ ቆረጠ፣ አሰረ፣ ቆረጠ። ሲጨርስ ቆዳውን ወደ አጎቴ ገፋው።

አጎቴ ደብተሬን በሚያይበት ዓይን አየው።

"ያዘምማል" አለ።

"ያዘምማል" አለ ሐኪሙ። "ይይዛል?"

አጎቴ ቆዳውን በሁለት እጁ ይዞ ሳበው። አጥብቆ ሳበው። ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳበው። ስፌቱ ንቅንቅ አላለም።

"ይይዛል" አለና ቆዳውን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወጣ። መኪናው ያለ ደብዳቤ ሄደ።

ሐኪሙ ጥቂት ቆይቶ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የግንባር ድንኳን ተዛወረ፤ ራሱ ጠይቆ ነው። ሲሄድ ለሁሉም "ደህና ሁኑ ጓዶች" አለና ለእኔ ጎንበስ ብሎ "ደህና ይሁኑ መምህር" አለኝ። እናቴ አለቀሰች። እኔ የጫማው ክር በትክክል መታሰሩን አየሁ። ከዚያ አስተማሪዎችም ተጠሩ፤ አጎቴ ሄደ።

አጎቴ የተመለሰው በቃሬዛ ነው። ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ፣ ሆዱ ታሽጎ። እናቴ ፋሻውን ልትቀይር ሸሚዙን ገለጥ አደረገችና እጇ ቆመ። ጣቷን በስፌቱ ላይ፣ ልብስ እንደምትመረምር፣ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው።

"ይሄ በቀኝ እጅ አልተሰፋም" አለች።

"ሲያስተኛኝ አወቀኝ" አለ አጎቴ ጣራውን እያየ። "'ጓድ መምህር፣ ያዘምማል፤ ግን ይይዛል' አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አላስታውስም።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "እኔን ወደ ኋላ በጫኑኝ ማግስት ድንኳኑ ተመታ። ሐኪሙ አልተረፈም።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አጎቴ አየኝና በጣቱ ጠራኝ።

"ነይ፤ የእጅ ጽሑፍሽን እይ።"

ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቋጠሮዎቹ ከደረቱ እስከ እምብርቱ ተሰልፈዋል፤ አንዳቸውም ሳይቀሩ ወደ ኋላ አዘምመዋል። ደብተሬን ያየሁ መሰለኝ።

"ምን አስደንግጧቸው ነው?" አልኩት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

አጎቴ ሆዱን በእጁ ደግፎ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረበት፤ አጎቴ ሲያለቅስ ያን ዕለት ነው ያየሁት።

"ዳስሺያቸው" አለኝ።

እንዳስተማረኝ ቀኜን ዘረጋሁ።

"አይ" አለኝ። "በግራሽ።"